ውሻ ሲያባርራችሁ፦ መፍጠን፣ መቆም ወይስ ማጎንበስ?

ከባሕር ዳር ወጥቶ ገጠሩን በሳይክል የሚነዳ ሰው ይህን ድምፅ ያውቀዋል። መጀመሪያ ከባሕር ዛፉ ጀርባ ጩኸት ይሰማል። ከዚያ ጩኸቱ ይቋረጥና ኮቴ ይከተላል። ቀና ስትሉ ውሻው ከአጥሩ ሥር ሾልኮ መንገድ ላይ ወጥቷል። ለመወሰን ያላችሁ ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ሰከንድ ነው።

በዚያች ቅጽበት አዲስ ሐሳብ አይመጣም። እግር የለመደውን ያደርጋል። የአብዛኞቻችን እግር የለመደው ደግሞ ፔዳል መርገጥ ነው። ስለዚህ ምርጫውን ቤት ቁጭ ብሎ፣ ቡና እየጠጡ መጨረስ ይሻላል። እኔ ለሥራ በሳምንት አራት ቀን ወደ ጢስ ዓባይ በሚወስደው መንገድ እነዳለሁ። ቅዳሜ ደግሞ ከጓደኞቼ ጋር ወደ ዘጌ ወይም ወደ ዘንዘልማ እንወጣለን። ከታች ያሉትን አማራጮች አብዛኞቹን ሞክሬያቸዋለሁ። የትኛው መቼ እንደሚሠራ፣ የትኛውስ እንደሚያስነክስ ያየሁትን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ውሻውን ለዩት

«ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይባላል። የነገሩ ቁልፍ እዚህ ውስጥ አለ። የገጠር ውሻ ለጌጥ የተቀመጠ አይደለም። ሌሊት ጅብ በረት እንዳይገባ፣ ሌባ ጫቱን እንዳይለቅም፣ ጦጣ በቆሎውን እንዳይጨርስ ይጠብቃል። ቀን ላይም ሥራው አላለቀም። ድንበሩ ከደጃፉ ይጀምርና ብዙ ጊዜ መንገዱን ተሻግሮ ያልቃል። እናንተ በዚያ ድንበር ውስጥ በፍጥነት እያለፋችሁ ነው። በእሱ ዓይን የሚሮጥ ነገር ሁሉ መባረር ያለበት ነው።

ይህ ውሻ ሊያስወጣችሁ ነው የሚመጣው። ከድንበሩ ስትወጡለት ይመለሳል። ብዙ ጊዜ ሁለት ሦስት የመብራት ምሰሶ ያህል ያባርርና ቆሞ እየጮኸ ያያችኋል። በገጠር መንገድ የሚያጋጥማችሁ ውሻ አብዛኛው ይኸው ነው።

የእረኛ ውሻ ትንሽ ይለያል። የእሱ ድንበር ከከብቱና ከበጉ ጋር ይንቀሳቀሳል። ከእሱ ጋር ያለው ትልቁ ስሕተት በመንጋውና በውሻው መካከል ሰንጥቆ ማለፍ ነው። ዞር ብሎ ማለፍ ካልተቻለ ወርዶ መጠበቅ ነው። እረኛው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ቅርብ ነው።

ከከተማው ዳር ያሉት ደግሞ ባለቤት የሌላቸው፣ በቡድን የሚሄዱ ናቸው። ሥጋ ቤት አካባቢ፣ ዓሣ በሚራገፍበት የሐይቁ ዳርቻ፣ ቆሻሻ በሚጣልበት ሜዳ ታገኟቸዋላችሁ። አንድ አንዱ ብቻውን ሲሆን ሰው ይፈራል። አምስት ሲሆኑ ግን አንዱ በሌላው ይደፍራል። ቡችሎች ያሏት ውሻም አለች። እሷ ከማንም የባሰች ናት፣ አትድረሱባት።

የመጨረሻው የታመመው ነው። ለሃጩ የሚዝረበረብ፣ እየተንገዳገደ የሚሄድ፣ ሳይጮኽ ያገኘውን ሁሉ የሚናከስ፣ ወይም መንጋጋው ተንጠልጥሎ ዝም ያለ ውሻ ካያችሁ ከዚህ በታች ስለ መቆም የምለውን ሁሉ እርሱት። እሱ የሚጠብቀው ድንበር የለውም። ገና ከሩቅ እንዳያችሁት ተመለሱ፣ ወይም ሰው ቤት ግቡ። መንደሩንም አስጠንቅቁ፤ ልጆች ሜዳ ላይ ናቸው።

አንድ ነገር እዚሁ ልጨምር። «የሚጮኽ ውሻ አይናከስም» የሚለውን አባባል አትመኑበት። ጮኾ የነከሰ አይቻለሁ። ከጩኸቱ ይልቅ አካሉን እዩ። ጆሮውን ጥሎ፣ ወዲህ ወዲያ እየዘለለ የሚጮኽ ውሻ ገና አልወሰነም። ጭራውን ገትሮ የቆመ፣ የጀርባው ፀጉር የተነሳ፣ ዝም ብሎ በቀጥታ የሚመጣ ግን ወስኗል።

መፍጠን ወይስ መቀዝቀዝ?

ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚመርጠው መፍጠን ነው። እኔም እንደዚያ ነበርኩ። ቁጥሩን እንየው። አንድ ጤነኛ የመንደር ውሻ በአጭር ርቀት በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ይሮጣል። እናንተ በጠጠር መንገድ፣ ቦርሳ አዝላችሁ፣ ወፍራም ጎማ ባለው ሳይክል ስንት ትነዳላችሁ? 15፣ ቢበዛ 18። ሩጫውን ገና ሳይጀመር ተሸንፋችኋል።

ሌላም ነገር አለ። ውሻ አሁን ወዳላችሁበት አይሮጥም፤ ልትደርሱበት ወዳላችሁበት አቋርጦ ነው የሚሮጠው። ስለዚህ ከፊት ለፊት ወይም ከጎን ከተነሳ መፍጠን ማለት እሱ ወዳለበት መሄድ ማለት ነው። ከንክሻው ይልቅ የምፈራው ይህንን ነው። ውሻ የፊት ጎማ ሥር ከገባ መሬት ላይ ናችሁ። እጅ ይሰበራል፣ አገጭ ይሰነጠቃል። በአስፋልቱ ላይ ከሆነ ደግሞ ከኋላ አይሱዙ እየመጣ ሊሆን ይችላል።

ከሦስት ዓመት በፊት በመጋቢት፣ ወደ ማታ 11 ሰዓት ገደማ ከሥራ ስመለስ አንድ ዳማ ውሻ ተነሳብኝ። ደረቅ ወር ስለነበር መንገዱ ላይ ልቅ ጠጠር ተከምሯል። ከኮርቻው ተነሥቼ ረገጥኩ። ሠላሳ ሜትር ያህል ሄድኩ መሰለኝ። የፊት ጎማዬ አንድ ድንጋይ ላይ ወጣና መሪው ተጠመዘዘብኝ። ጉልበቴንና ክርኔን ይዤ ተነጠፍኩ። ውሻው መጥቶ ክንድ ሲቀረው ቆመ። ቆመና ጮኸ። አልነከሰኝም። ያደማኝ የራሴ ፍጥነት ነው።

አንዲት እናት ከጓሮ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ወጡ። «ና ዳማ! ና አንተ!» አሉት፤ ጭራውን ቆልፎ ሄደ። ወደ እኔ ዞሩና፣ «ልጄ፣ ምን አስሮጠህ? ቆመህ ብትጠራኝ እይዝልህ አልነበር?» አሉኝ። በጆግ ውኃና ሳሙና ይዘው መጡና ጉልበቴን አጠቡልኝ። ለእኔ የዚህ መመሪያ ግማሹ ያቺ ጥያቄያቸው ናት።

ታዲያ መፍጠን ፈጽሞ አይሠራም? ይሠራል። ንጹሕ አስፋልት ላይ ከሆናችሁ፣ ቁልቁለት ከሆነ፣ ውሻው ከኋላ ወይም ከሩቅ ከተነሳ፣ መኪናም ከሌለ ሂዱ። ሁለት ሦስት ምሰሶ ነው፣ ያልቃል። ከአራቱ አንዱ ከጎደለ ግን የእኔ ምርጫ መቀዝቀዝ ነው። አንዳንድ ልምድ ያላቸው ነጂዎች ውሻው አቋርጦ ሲመጣ ቀዝቀዝ ይሉለትና፣ እሱ አልፎ ሲሄድ ድንገት ይፈጥናሉ። ቆንጆ ነው፣ አይቼዋለሁ። ግን ሳይክሉን እንደ እጁ ለሚያዝ ሰው ነው። ለጀማሪ አልመክርም።

መውረድ፦ የእኔ ቀዳሚ ምርጫ

በጠጠር መንገድ አንድ ውሻ ሲነሳብኝ እወርዳለሁ። አወራረዱ ግን ሥርዓት አለው።

ፍሬኑን ቀስ ብላችሁ ያዙ፤ የፊቱን ብቻ ከያዛችሁ ጠጠር ላይ ያንሸራትታል። ከውሻው በተቃራኒ ጎን ውረዱ። አንድ እጅ መሪው ላይ፣ አንድ እጅ ኮርቻው ላይ። ሳይክሉ አሁን በእናንተና በእሱ መካከል ያለ አጥር ነው። ውሻው ሲዞር ሳይክሉን አብራችሁ አዙሩ። አንስታችሁ አትወርውሩበት። ጀርባ አትስጡ። ዓይኑ ላይ አታፍጥጡ፤ ደረቱን ወይም እግሩን እዩ። ጸጥ ባለ ወፍራም ድምፅ አናግሩት። እኔ «በቃ፣ በቃ፣ ሂድ» እላለሁ። ቃሉ ምንም ይሁን፣ ድምፁ የማይንቀጠቀጥ መሆኑ ነው ቁም ነገሩ።

ከዚያ በጎን እየተራመዳችሁ፣ ቀስ እያላችሁ፣ ወደምትሄዱበት አቅጣጫ ከድንበሩ ውጡ። ልክ ስትወርዱ የሚሆነውን ብታዩ ትገረማላችሁ። ሲያባርረው የነበረው የሚሽከረከር፣ የሚንሿሿ፣ እግሩ መሬት የማይነካ ነገር ድንገት ሁለት እግር ያለው ሰው ይሆንበታል። ሰውን ያውቃል። ብዙዎቹ ግራ ተጋብተው ይቆማሉ፤ አንዳንዶቹ እየጮኹ ወደ ኋላ ይመለሳሉ።

ዋጋው አንድ ሁለት ደቂቃ መዘግየት ነው። ድክመቱ ደግሞ ቡድን ሲሆን ነው። አንዱን ከፊት ስትከላከሉ ሌላው ከኋላ ይመጣል። ያኔ ጀርባችሁን ለግንብ፣ ለወፍራም ዛፍ ወይም ለአጥር ስጡና ሳይክሉን ከፊት ያዙ። ሰው እስኪመጣ እዚያው መቆየት ነው። የሚያልፍ ባጃጅ ወይም ጋሪ ካለ ከጎኑ ተጠግቶ ማለፍም ይቻላል።

ማጎንበስና መወርወር አንድ አይደሉም

በእኛ አገር ውሻ ሁሉ የሚያውቀው አንድ ምልክት አለ፤ ሰው ሲያጎነብስ። ድንጋይ ሳይነካው ያደገ የመንደር ውሻ ስለሌለ፣ እጅ ወደ መሬት ስትዘረጋ ገና ይሸሻል። ባዶ እጅ ቢሆንም። ይህ ምንም ዋጋ የሌለው፣ መግዛት የማያስፈልገው መሣሪያ ነው። ከወረድኩ በኋላ ውሻው ሁለተኛ ከገፋ የማደርገው ይህንን ነው፤ ዓይኔን ሳልነቅል ጎንበስ፣ ቀና፣ እጅን ወደ ኋላ መሳብ።

መወርወሩ ግን ሌላ ነገር ነው። እኔ አልወረውርም። አንደኛ፣ ከሳይክል ላይ ሆኖ የሚወረወር ድንጋይ ውሻውን አያገኘውም፤ ሚዛናችሁን ግን ያስታችኋል። ሁለተኛ፣ የተመታ ውሻ ዛሬ ይሸሻል። ነገ ሳይክል ሲያይ ያስታውሳል። በመንገዴ ላይ የትኛው ደጅ ላይ ልጆች ሲወረውሩ እንደኖሩ ከውሻው ሁኔታ መለየት እችላለሁ። ሦስተኛ፣ ያ ውሻ የሰው ንብረት ነው። በረቱን የሚጠብቅለትን ውሻ ዓይኑን ያጠፋችሁበት ገበሬ በሚቀጥለው ቀን «ደህና ዋልክ» አይላችሁም። አራተኛውን ለመናገር አልወድም፣ ግን እውነት ነው። ከበቆሎው ጀርባ እረኛ ልጅ ሊኖር ይችላል።

ድንጋይ በእጅ ይዛችሁ ብትቆሙ ይገባኛል። ከእጃችሁ የሚወጣው ግን ውሻው በእርግጥ ሊናከስ ሲዘል ብቻ ይሁን።

ሃይላንድ፣ ዱላ፣ ዳቦ

ዱላ ለእግረኛ ነው። ለገበሬው ዱላ የእጁ ክፋይ ነው፤ በትከሻው ላይ አድርጎ ሲሄድ ውሻ ከሩቅ ያየዋል። ለሳይክል ነጂ ግን ችግር ነው። መሪውን በአንድ እጅ ይዞ በሌላው ዱላ ማወዛወዝ ቀጥታ ወደ ቦይ ያስገባል። ማሰር ካለባችሁ ከላይኛው ብረት ጋር በላስቲክ እሰሩት፤ ከወረዳችሁ በኋላ በእናንተና በእሱ መካከል ለመዘርጋት ያገለግላል። ለመምታት አትጠቀሙበት።

ውኃ የተሻለ ነው። ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ውሰዱና ክዳኑን በጋለ ምስማር አንድ ቦታ ብሱት። ሲጨመቅ ሁለት ሦስት ሜትር ይረጫል። ፊቱ ላይ ውኃ ያረፈበት ውሻ ይደነግጣል፤ አይጎዳውም። ከሳይክል ሳትወርዱም፣ ቀዝቀዝ ብላችሁ፣ በአንድ እጅ ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ። ከእኔ መንገድ አሥር ውሾች መካከል ለስድስት ሰባቱ በቂ ነው ብዬ እገምታለሁ። ለወሰነው ውሻ ግን አይበቃም። የምትጠጡትን ሳይሆን ሌላ ሃይላንድ መድቡለት። እኔ አንድ ጊዜ የምጠጣውን ጨርሼ የቀረውን መንገድ በጥም ሄጃለሁ።

በርበሬ የሚረጭ ጣሳና ውሻ ብቻ የሚሰማው ድምፅ የሚያወጣ መሣሪያ ከውጭ ያመጡ ሰዎች አሉ። ከጣና የሚነሳው ነፋስ የረጩትን መልሶ ለራሳቸው ዓይን ሊሰጣቸው ይችላል፤ አልመርጠውም። የድምፅ መሣሪያውን አንድ ጓደኛዬ ይዞት ነበር፤ አንዳንዱ ውሻ ቆም ይላል፣ አንዳንዱ አልሰማም ይላል። ገንዘባችሁን ለጥሩ የፊት መብራትና ለራስ ቁር አውሉት።

ዳቦ መወርወርስ? አንድ ቀን ይሠራል። በሁለተኛው ቀን ውሻው ገና ከሩቅ እየጠበቃችሁ ነው። ከኋላችሁ የሚመጣው ዳቦ የሌለው ተማሪ ግን ምን ይሁን?

«ቤቶች!»

ከሁሉም ርካሹና ከሁሉም የተረሳው አማራጭ አፍ ነው። በገጠር ሰው ቤት የሚደርስ ሰው ከአጥሩ ራቅ ብሎ ቆሞ «ቤቶች!» ብሎ ይጣራል። ከዚያ «ኧረ ውሻ ያዙልኝ!» ይላል። ለዘመናት የተፈተነ ሥርዓት ነው። ሳይክል ላይ ስንወጣ ግን ይህንን ሁሉ ረስተን እንደ ባዕድ እናልፋለን።

ይህ ከሌሎቹ የሚበልጠው በምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ውሻው የባለቤቱን ድምፅ ይሰማል። የእናንተን ዱላ ሊንቅ ይችላል፤ የባለቤቱን «ና!» ግን አይንቅም። ደግሞም ባለቤቱ ካያችሁ በሚቀጥለው ጊዜ ያውቃችኋል፣ ውሻውም በሰላም ሲያናግራችሁ ያያል። ድክመቱ ግልጽ ነው። ቤት ውስጥ ሰው ከሌለ፣ አጨዳ ላይ ከሆኑ ወይም እሑድ ቤተ ክርስቲያን ከሄዱ የሚሰማችሁ የለም። ስለዚህ መውረዱንና መጣራቱን አንድ ላይ አድርጉት። እየወረዳችሁ ተጣሩ።

መንገድና ሰዓት መምረጥ

ከመውጣታችሁ በፊት ያለው ምርጫ ከሁሉም የተሻለ ነው።

በዓባይ ድልድይ ተሻግሮ ወደ ዘንዘልማ የሚወስደው የጎንደር መንገድ አስፋልት ነው። ውሾቹ መኪና የለመዱ ናቸው፤ ያልለመደው ብዙ አልቆየም። እዚያ የሚያሰጋው መኪናው ነው። አይሱዙና ሚኒባስ በጠባብ ትከሻ ላይ በጣም ይጠጋሉ። ውሻን ፈርቶ ወደ መሃል መንገድ መሸሽ እዚህ ላይ ሕይወት ያስከፍላል። ውሻ ቢነሳባችሁም መስመራችሁን አትልቀቁ።

ወደ ጢስ ዓባይ ፏፏቴው የሚወስደው ወደ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መኪናው ይቀንሳል፣ ደጃፉ ይበዛል። እያንዳንዱ ግቢ መንገዱ ላይ ነው፤ እያንዳንዱ ግቢ ደግሞ ውሻ አለው ማለት ይቻላል። ነገር ግን ሰውም አለ። ቤቶቹ ቅርብ ስለሆኑ «ቤቶች!» እዚህ ይሠራል። ውሻ በጣም የሚፈራ ሰው እዚህ ብቻውን ባይጀምር ይሻላል፤ ከሁለት ሦስት ሰው ጋር ሆኖ ይልመደው። በቡድን ስትሆኑም አትበታተኑ፤ ውሻ የሚመርጠው የመጨረሻውን ነው።

የዘጌው መንገድ ለእኔ በጣም የሚወደደው ነው። እርሻውን አልፋችሁ ወደ ደኑ ስትገቡ ነገሩ ይቀየራል። በዘጌ ልሳነ ምድር በበሬ አለማረስና ከብት አለማርባት የቆየ ልማድ ነው፤ ኑሮው በቡናውና በዛፉ ላይ የተመሠረተ ነው። መንገዱ በቡናው መካከል ጠባብ ይሆናል፤ ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት የሚሄድ ምእመንና ጎብኚ ይበዛበታል። እዚያ መንዳት ሳይሆን ሳይክሉን እየገፉ መሄድ ነው ያለው። ከደኑ በፊት ባለው የእርሻ ክፍል ግን ነሐሴና መስከረም ላይ ተጠንቀቁ። በቆሎው ከሰው ቁመት በላይ ይሆናል። ውሻው ከየት እንደመጣ ሳታዩት አጠገባችሁ ነው።

ሰዓትን በተመለከተ፣ ጎህ ሳይቀድ መውጣት የሚወድ ብዙ ነው። አየሩ ቀዝቃዛ ነው፣ ሐይቁ ያምራል። ግን ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ውሾቹ ገና ሌሊት ሥራ ላይ ናቸው። ቀን የሚታሰሩትም አልታሰሩም። ባለቤቶቹም ተኝተዋል። አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሴቶች ውኃ ሊቀዱ ወጥተዋል፣ ልጆች ትምህርት ቤት እየሄዱ ነው፣ ውሻው ፀሐይ ላይ ተጋድሟል። ያው መንገድ ነው፣ ያው ውሻ ነው። ማታም ከ12 ሰዓት በፊት መመለስ ነው። እናም ሁልጊዜ፣ መንገዱ ሰላም መሆኑን ከወጡ ሰዎች ጠይቃችሁ ውጡ።

ከነከሰስ?

እዚህ ላይ አማራጭ የሚባለው ነገር ያንሳል፤ ቢሆንም ሰው ሲሳሳት የማየው እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ ረዘም አድርጌ እናገራለሁ።

የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ ሰው አይተርፍም ማለት ይቻላል። ምልክቱ ከመታየቱ በፊት ግን በሚገባ መከላከል ይቻላል። ወደ ሰው ከሚተላለፈው ውስጥ እስከ 99 በመቶ የሚሆነው ከውሻ ነው። ከንክሻ እስከ ምልክት አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሦስት ወር ይፈጃል፤ ከአንድ ሳምንት እስከ አንድ ዓመትም ሊሆን ይችላል። «ሁለት ሳምንት አለፈኝ፣ ምንም አልሆንኩም» ማለት ምንም ማለት አይደለም።

መጀመሪያ ውኃና ሳሙና። እዚያው፣ ወዲያው፣ ለ15 ደቂቃ። በሚፈስ ውኃ። 15 ደቂቃ ረጅም ነው፤ ሰዓት ያዙ። ስለዚህ ቦርሳዬ ውስጥ ቁራጭ ሳሙና በላስቲክ ተጠቅልሎ አለ። ውኃ ከሌላችሁ የሰው ቤት ለምኑ፤ በዚህ አገር ውኃ የሚከለክል የለም። ቡና፣ በርበሬ፣ ቅጠል ቁስሉ ላይ አታድርጉ። ቶሎ ለማሰፋትም አትቸኩሉ፤ ሐኪሙ ይወስን።

ቀጥሎ የሚመጣው ምርጫ «ልጠብቅ ወይስ ልሂድ?» የሚለው ነው። ሂዱ። ባሕር ዳር ላይ ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች አሉ፤ ክትባቱ ዛሬ የት እንዳለ በስልክ አስጠይቁ። አንድ ጓደኛዬ በግንቦት የእግሩ ባት ላይ ተነክሶ «ውሻው ጤነኛ ነው» ስላሉት ሁለት ቀን ቤቱ ቆየ። በሦስተኛው ቀን የሄደበት ጤና ተቋም ክትባቱ አልቋል አለው። ሌላ ቦታ እስኪያገኝ ድረስ የነበረበትን ጭንቀት አብሬው ስለነበርኩ አውቀዋለሁ። ቶሎ የሄደ ሰው ለመፈለግም ጊዜ አለው።

ክትባቱ ክንድ ላይ የሚሰጥ ነው። የተለመደው አሰጣጥ በመጀመሪያው ቀን፣ ከዚያ በ3ኛው፣ በ7ኛው፣ በ14ኛውና በ28ኛው ቀን ነው፤ አጠር ያለም አለ፣ ሐኪሙ ይነግራችኋል። ቆዳ የተበሳ ወይም ደም የወጣ ከሆነ ቁስሉ ውስጥ የሚሰጥ ሌላ መድኃኒትም ሊያስፈልግ ይችላል፤ ስሙ ኢሚውኖግሎቡሊን ነው፣ ጠይቁ። የቲታነስ መርፌውንም አትርሱ። ቀኖቹን አትዝለሉ። መንገዱ ቢዘጋ፣ ሥራ ቢኖር፣ ድግስ ቢኖር አትዝለሉ።

ጸበል መሄድ ለምትፈልጉ፣ ሂዱ። እኔም እሄዳለሁ። ነገር ግን ከክትባቱ ጋር እንጂ በክትባቱ ፋንታ አይሁን። የባህል መድኃኒት ስትጠብቁ የሚያልፈው ቀን አይመለስም።

ውሻውን ደግሞ አትግደሉት፣ አታስገድሉትም። ይታሰርና ለ10 ቀን ይታይ። በ10 ቀን ውስጥ ጤነኛ ሆኖ ከቆየ በነከሰበት ጊዜ በሽታውን አላስተላለፈም ማለት ነው፤ የጀመራችሁትን ክትባት ሐኪሙ ሊያቆምላችሁ ይችላል። የተገደለ ውሻ ግን ምንም አይናገርም። እስከዚያ ድረስ ግን ክትባቱን ጀምሩ፤ 10 ቀኑን ቁጭ ብላችሁ አትጠብቁ።

እንደ እኔ በየሳምንቱ የምትወጡ ከሆነ ከመነከሳችሁ በፊት የሚሰጥ ክትባትም አለ። የሚገኝ ከሆነ ሐኪም አማክሩ። ከተነከሳችሁ በኋላም መሄድ ይቀራል ማለት አይደለም፤ የሚወሰደው ግን ይቀንሳል።

ክስ ወይስ ሽምግልና?

ሕጉ ግልጽ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። እንስሳው በድንገት ቢያመልጠውም እንኳ። ስለዚህ መክሰስ መብታችሁ ነው።

የእኔ ምርጫ ግን መጀመሪያ ሽማግሌ ነው። የምትጠይቁት የሕክምና ወጪና አንድ ነገር ይሁን፤ ውሻው ቀን ቀን እንዲታሰርና እንዲከተብ። ሁለተኛው ከገንዘቡ ይበልጣል። በአንድ አካባቢ ካሉ ውሾች 70 በመቶ ያህሉ ከተከተቡ በሽታው መተላለፉ ይቆማል። አንድ ውሻ ማስከተብ ለአንድ ቤት ብቻ አይደለም፤ በመንገዱ ለሚያልፉ ተማሪዎች ሁሉ ነው። ባለቤቱ እምቢ ካለ፣ ወይም ያው ውሻ ደጋግሞ ሰው ከነከሰ፣ ያኔ ወደ ቀበሌና ወደ ፍርድ ቤት መሄድ ተገቢ ነው።

ዳማ አሁንም አለ። ከወደቅኩ በኋላ ለሁለት ሳምንት ያህል እዚያ ደጅ ስደርስ እወርድ ነበር። ሳይክሉን እየገፋሁ «እናቴ፣ እንደምን አደሩ?» እላለሁ። እሳቸውም «እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ፣ ጉልበትህ ዳነ?» ይሉኛል። ውሻው መጀመሪያ ጮኸ፣ ከዚያ አጉረመረመ፣ ከዚያ ጭራውን አንድ ጊዜ ነቀነቀ። አሁን ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሳልፍ ከአመድ ክምሩ ላይ ጭንቅላቱን ብቻ ያነሳል። እዚያ ደጅ አሁንም ቀዝቅዤ ነው የማልፈው።